ከምጽዋ የሄደው ዘር፦ የአንድ «ጌጠኛ ሙዝ» ማንነት እንዴት ተለየ?

በ1853 ለንደን አጠገብ ወዳለው የኪው የዕፅዋት ማዕከል አንድ ጥቅል ዘር ደረሰ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ላኪው ዋልተር ፕላውደን ነው፤ በምጽዋ የእንግሊዝ ቆንስል። ከአራት ዓመት በፊት ከራስ አሊ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመው ያው ፕላውደን። ዘሩን ብቻ አልላከም። የአገሩ ሰው የሚጠራበትን ስምም ጨምሮበታል፦ «አንሰት»።

ዘሩ ጥቁር ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። የኪው ሰዎች ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ዘር አልገጠማቸውም። የምን ዘር እንደሆነ አላወቁም፤ ስሙም ምንም አላስታወሳቸውም። ብቻ ዘሩት።

ዘሩ በቅሎ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ነገሩ ተገለጠ። ቅጠሉ ሰፋ፣ ረዘመ፣ ተክሉም በፍጥነት ተመዘዘ። ለካስ የሙዝ ዘመድ ነው! በ1861 የማዕከሉ ዳይሬክተር ዊልያም ጃክሰን ሁከር ተክሉን በዘመኑ ታዋቂ በነበረው የዕፅዋት መጽሔት ላይ ከነሥዕሉ አወጣው። ፕላውደን ግን ይህን አላየም። በ1860 መጀመሪያ ከጎንደር ወደ ምጽዋ ሲመለስ የዐፄ ቴዎድሮስ ተቃዋሚዎች መንገድ ላይ አቆሰሉት። የጎንደር ሰዎች ቤዛ ከፍለው አስለቀቁት፤ ሆኖም አልተረፈም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ባልጻፍኩትም ነበር። የሚገርመው ሌላ ነው። ኪው ያላወቀው ይህ ተክል ከ63 ዓመት በፊት፣ እዚያው እንግሊዝ አገር፣ በእንግሊዝኛ፣ ከነስሙና ከነሥዕሉ ታትሞ ወጥቶ ነበር። ስሙ ፖስታው ላይ ተጽፎ መጣ፤ መልሱም መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱን ያገናኘ ሰው ግን አልነበረም።

ብሩስ ምን አለ?

ጄምስ ብሩስ ስኮትላንዳዊ ነው። በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ጎንደር ገባ። የመጣው የአባይን ምንጭ ፍለጋ ቢሆንም ያየውን ተክል፣ ወፍና አውሬ ሁሉ ይመዘግብ ነበር። አብሮት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሠዓሊ ነበረ። የዕፅዋቱ ሥዕሎች የባሉጋኒ እጅ ናቸው። ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ፤ ብሩስም ጉዞውን ሲያሳትም የረዳቱን ድርሻ አሳንሶ አለፈው። ዋናዎቹ ሥዕሎች ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።

ብሩስ የጉዞውን ታሪክ በ1790 በአምስት ቅጽ አሳተመ። በአምስተኛው ቅጽ ውስጥ «እንሰት» ብሎ በስሙ የጠራው ተክል አለ። ጎንደር አካባቢ እንደሚገኝ፣ በሜጫ በኩል በሰፊው እንደሚተከል፣ መነሻው ግን እናርያ ነው እንደሚባል ጻፈ። ከዚያ አንድ ሙግት ገጠመ፦ ይህ ተክል ሙዝ አይደለም። ቅጠሉ ስለሚመሳሰል ሰው ይሳሳታል እንጂ ሌላ ነገር ነው አለ። የሙዝ የሚበላው ፍሬው ነው፤ የእንሰት ፍሬ ግን ለመብል አይሆንም። የሚበላው አካሉ ነው። ለጋው ተቆርጦ ሲቀቀል ጥሩ ሆኖ ገና ያልበሰለ የስንዴ ዳቦ ጣዕም አለው፣ ከወተት ወይም ከቅቤ ጋር ደግሞ የበለጠ ይጣፍጣል ይላል። አሚቾ (የእንሰቱን ሥር) ቀቅሎ የበላ ሰው ብሩስ ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ብሩስ ሁልጊዜ ልክ ነበር ማለት አይደለም። በጥንት ግብጽ ቅርጾች ላይ ጉማሬ ሲበላው የሚታየው ተክል ሙዝ ሳይሆን እንሰት ነው እስከ ማለት ሄዷል። ያን ያህል መንጠራራት አያስፈልገውም ነበር። በዋናው ነጥብ ላይ ግን የእሱ ዐይን ከተከታዮቹ ሊቃውንት ዐይን የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ለምን አልሰሙትም? አንደኛ፣ ለንደን ብሩስን እንደ ውሸታም ነበር የቆጠረችው። ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ብሎ ሲያወራ ሳቁበት። (እኛ ብንሆን በሌላ ምክንያት እንስቅ ነበር።) ሁለተኛ፣ የሰሙት ሊቃውንትም ያዳመጡት ግማሹን ነው። ጀርመናዊው ዮሐን ፍሪድሪሽ ግሜሊን በ1791 የብሩስን ጽሑፍ ይዞ ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም አወጣለት፦ ሙሳ ኤንሴቴ። ሙሳ ማለት የሙዝ ወገን ነው። ሙዝ አይደለም ብሎ የተሟገተውን ሰው መረጃ ወስዶ ሙዝ አለው።

የሙዝ ዘር ለመለየት ለምን ያስቸግራል?

ይህን የምለው የኪውን ሰዎች ለማማት አይደለም። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ዛሬም ጓሮው ውስጥ «ብርቅ ሙዝ» የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ይገጥመዋል።

አንድ የዕፅዋት ሊቅ አዲስ ተክል ሲያገኝ ቅጠሉን፣ አበባውንና ፍሬውን አድርቆ ወረቀት ላይ ይለጥፋል። ወረቀቱ ከክንድ አይበልጥም። የእንሰት ቅጠል ግን እስከ አምስት ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ግንዱ ደግሞ የቅጠል እግሮች ተደራርበው የሠሩት ነው፤ ውኃ የሞላበት ስለሆነ ሳይደርቅ ይበሰብሳል። ይህን ተክል ወረቀት ላይ ለማስቀረት መሞከር ጋቢን አጥፎ ፖስታ ውስጥ እንደ መክተት ነው። ስለዚህ ሰብሳቢዎች ወይ አልፈውት ይሄዳሉ፣ ወይ ቁራጭ ቅጠል ይዘው ይመለሳሉ። ከቁራጭ ቅጠል ደግሞ ብዙ አይነበብም።

ዘሩም ሌላ እንቆቅልሽ ነበር። እንግሊዝ አገር በመስታወት ቤት ይበቅሉ የነበሩት የሚበሉ ሙዞች ዘር የላቸውም። በ1830ዎቹ በደርቢሽር፣ ቻትስወርዝ ላይ ጆሴፍ ፓክስተን አሳድጎ እንዲያፈራ ያደረገው አጭሩ ሙዝ እንኳ ዘር አልባ ነው። (ያ ሙዝ በጌታው ስም ካቨንዲሽ ተባለ፤ ዛሬ ከሱፐርማርኬት የምንገዛው የዚያ ቡድን ነው። የሀብታም ቤት ጌጥ ሆኖ ጀምሮ የዓለም ቁርስ ሆኖ ቀረ።) የዱር ሙዝ ዘር ቢኖረውም ትንሽ ነው፤ ከሰባት ሚሊ ሜትር አያልፍም። ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ጥቁር ዘር ያየ ሰው ሙዝ ብሎ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም።

እዚህ ላይ ነው የማዝነው። ዘሩ ከሙዝ ዘር መለየቱ ራሱ ትልቁ ምልክት ነበር። ቅጠሉ ሲወጣ ግን ሁሉም ቅጠሉን አመነ፤ ዘሩን ረሳው።

150 ዓመት የፈጀ የስም ጣጣ

ከግሜሊን በኋላ ስሙ ተዘበራረቀ። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቬልቪች በ1850ዎቹ አንጎላን ሲያጠና አንድ ሙዝ መሰል ተክል አገኘ። (በናሚብ በረሃ የሚበቅለው በስሙ የተጠራው ዌልዊቺያም የሱ ግኝት ነው።) ግንዱ ከታች በጣም የተነፋ ስለነበር በ1859 ሙሳ ቬንትሪኮሳ አለው፤ ባለ ቦርጩ ሙዝ እንደ ማለት። ያው እንሰት ነው፤ የቀዬ ለውጥ ብቻ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1862፣ ሩሲያ ውስጥ ፓቬል ሆራኒኖቭ ብሩስን አምኖ እንሰትን ከሙዝ ለየውና ራሱን የቻለ ወገን አደረገው። ኤንሴቴ ብሎ ሰየመው። ማንም ልብ አላለውም።

በዚያ ላይ ከኮንጎ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከሌላም ቦታ የተላኩ ዘሮች አውሮፓ ውስጥ እየበቀሉ እያንዳንዳቸው አዲስ ስም ያገኙ ነበር። አንዱ ቀላ ይላል፣ አንዱ አጠር ይላል፣ የአንዱ ዘር ይተልቃል። እንሰት እንደ ዕድሜው፣ እንደ አፈሩና እንደ ቦታው ከፍታ መልኩን ይቀያይራል። የአትክልት ነጋዴም አዲስ ስም ያለው ተክል በተሻለ ዋጋ ይሸጣል፤ ስለዚህ ስሙ እንዳይበዛ የሚከላከል ሰው አልነበረም።

መፍትሔው የመጣው በ1947 ነው። ኧርነስት ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ በትሪኒዳድ የሐሩር ግብርና ኮሌጅ ሙዝ ያጠና ነበር። ከደረቀ ቅጠል ይልቅ በሕይወት ያለ ተክል ያይ ነበር፤ በሕዋስ ውስጥ የዘር መረጃ የሚሸከሙትን ክሮች፣ ክሮሞሶሞችንም ይቆጥር ነበር። የሚበላው ሙዝና የቅርብ ዘመዶቹ መሠረታዊ ቁጥር 11 ነው። ሌሎች የሙዝ ቡድኖች 10 አላቸው። እንሰት ግን 9 ነው። በዚያ ላይ እንሰት ከሥሩ በራሱ ልጅ አያወጣም፤ አንዴ አብቦ ያፈራና ይሞታል። ሙዝ ግን ከሥሩ ልጅ እየተካ ይኖራል። የአበባ መሸፈኛዎቹም በእንሰት ላይ ዘለላው ላይ ተጣብቀው ሲቀሩ፣ በሙዝ ላይ በአብዛኛው ይረግፋሉ። ቺዝማን የሆራኒኖቭን ወገን ከመቃብር አስነሣው። ብሩስ ልክ ነው ተባለ፤ ከ157 ዓመት በኋላ።

የቀረው ሙሉ ስሙ ነው። እዚህ ላይ አንድ አስቂኝ ሕግ ጣልቃ ገባ። ቀዳሚው ስም ይከበር ከተባለ የግሜሊን «ኤንሴቴ» መያዝ ነበረበት። ያኔ ሙሉ ስሙ «ኤንሴቴ ኤንሴቴ» ሊሆን ነው። የዕፅዋት ስያሜ ደንብ ደግሞ የወገንና የዝርያ ስም አንድ ቃል እንዲሆን አይፈቅድም። (የእንስሳቱ ደንብ ይፈቅዳል፤ ጎሪላ ጎሪላ የሚባል አለ።) ስለዚህ ቀጣዩ የቬልቪች ስም ተወሰደ፦ ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም። የፊቱ ስም ከኢትዮጵያ፣ የኋላው ከአንጎላ።

ቺዝማን ራሱ በዚህ ወገን ውስጥ 25 ዝርያ ቆጥሮ ነበር። በ1953 ቤከርና ሲሞንድስ የሚባሉ ተመራማሪዎች የአፍሪካዎቹን እንደገና መርምረው ብዙዎቹን ስሞች ወደ አንዱ ዝርያ ጠቀለሏቸው። ዛሬ የሚታወቁት የእንሰት ዝርያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከፊሉ በአፍሪካና በማዳጋስካር፣ ከፊሉ በእስያ። የማዳጋስካሩ ሊጠፋ ጫፍ ላይ ነው።

ደገኛው በለንደን

ሊቃውንቱ በስሙ ሲጨቃጨቁ አትክልተኞቹ ሥራቸውን ቀጥለው ነበር። በ1860ዎቹ የለንደኑ ባተርሲ ፓርክ ኃላፊ ጆን ጊብሰን ከመስታወት ቤት የወጡ ትልልቅ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች በበጋ ሜዳ ላይ መትከል ጀመረ። ፓሪስም በባሪዬ ዴሻን እጅ ይህንኑ ታደርግ ነበር። ሰው ለማየት ይጎርፍ ነበር። ከሁሉም ጎልቶ የወጣው የእኛው እንሰት ነው።

ምክንያቱ ደስ ይላል። አብዛኛው ሙዝ የቆላ ልጅ ነው። የለንደን በጋ ለሱ ብርድ ነው፤ ሌሊቱ ያኮማትረዋል፣ ነፋሱ ቅጠሉን ይተለትለዋል። እንሰት ግን ደገኛ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በተለይ የሚስማማው ከ2000 እስከ 2750 ሜትር ከፍታ ነው፤ አማካይ ሙቀቱ ከ16 እስከ 20 ዲግሪ የሆነበት። ይህ ማለት የለንደን ጥሩ የበጋ ቀን ማለት ነው። ስለዚህ ሌላው ሙዝ ሲንቀጠቀጥ እንሰት ቤቱ ያለ መሰለው። ቅጠሉ ወፍራምና ቀጥ ያለ በመሆኑ ነፋሱንም ከሌሎቹ በተሻለ ይችላል።

የማይችለው ውርጭ ነው። ስለዚህ ውርጩ ሳይመጣ ቆፍረው ያወጡታል፣ ክረምቱን ቤት ውስጥ ያሳልፋል፣ በሰኔ እንደገና ይተከላል። ይህ ዘዴ ዛሬም አልተቀየረም።

ቀዩና ሐሰተኞቹ

ዛሬ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ችግኝ መሸጫ ብትገቡ በብዛት የምታዩት «ማውሬሊ» የሚባለውን ነው። ቀይ እንሰት ነው። አዲስ ቅጠሉ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ ይወጣል፤ ግንዱና የቅጠሉ ጀርባ ይቀላል። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር የጓሮ ምርጥ ሽልማቱን ሰጥቶታል። ምልክቱ ላይ «የአቢሲኒያ ቀይ ሙዝ» ይላል። ስሙን አይቶ የሚገዛ ሐበሻ ብዙ ነው፤ ለትዝታ።

ችግሩ «ቀይ ሙዝ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ እንሰት አለመሆኑ ነው። ፍሬው ቀይ የሆነ የሚበላ ሙዝ አለ፤ ግንዱ ቀላ ይላል። ከጃቫ የመጣ፣ አረንጓዴ ቅጠሉ ላይ ቀይ ጠቃጠቆ ያለበት «ዘብሪና» የሚባል ሌላ አለ። ችግኙ ቁመቱ አንድ ክንድ ሳይሞላ ሦስቱን መለየት ቀላል አይደለም።

እኔ መጀመሪያ የማየው ከታች ነው። እንሰት ከልጅነቱ ጀምሮ ግንዱ መሬቱ ጋ ይነፋል፤ ወደ ላይ ይቀጥናል። የሙዝ ግንድ ከታች እስከ ላይ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ቀጥሎ የቅጠሉን እግር እመለከታለሁ። ሙዝ ቅጠሉን በረዥም እግር ወደ ጎን ይዘረጋል። የእንሰት ቅጠል እግር አጭር ነው፤ ቅጠሎቹ ከመሀል ተጠጋግተው ወደ ላይ ይቆማሉ። የመሀል አጥንቱን ቀለምም አይቼ አላልፍም፤ ቀላ ካለ ጥሩ ምልክት ነው፤ ብቻውን ግን አያስተማምንም።

ልጅ ማውጣቱን እንደ ማስረጃ የሚይዙ አሉ። ልጅ ካወጣ ሙዝ፣ ካላወጣ እንሰት። በመጽሐፍ ላይ ትክክል ነው፤ ጓሮ ውስጥ ግን ያሳስታል። በቲሹ ካልቸር (በቤተ ሙከራ ከትንሽ ቁራጭ) የተባዛ ማውሬሊ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ችግኝ በአንድ ማሰሮ ውስጥ ሆኖ ይመጣል፤ ገዢው ልጅ ያወጣ ይመስለዋል። ደግሞም የእንሰት እምብርት ከተጎዳ ከጎኑ ማጎንቆል ይችላል። ውርጭ መሀሉን ገድሎበት በጸደይ ከዳር ዳር ቡቃያ ካወጣ ባለቤቱ «ለካ ሙዝ ነበር» ይላል። አይደለም።

ይህን ደግሞ የጉራጌ፣ የሲዳማ፣ የከምባታ፣ የሀዲያ ገበሬ ጥንት ነው የሚያውቀው። እንሰት የሚያባዛው ዘር ዘርቶ አይደለም። ጥቂት ዓመት የሆነውን ተክል ነቅሎ ግንዱን ይቆርጣል፤ ከሥሩ አሚቾ እምብርቱን ይፈለፍላል፤ ፍግና አፈር ሞልቶ መልሶ ይቀብረዋል። ከአንዱ አሚቾ ዙሪያ በአሥሮች የሚቆጠር ቡቃያ ይወጣል፤ አንዳንዴ ከመቶ ያልፋል። አውሮፓ ውስጥም ማውሬሊን በእጅ ማባዛት የሚፈልጉ አትክልተኞች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ እምብርቱን ይጎዱና ይጠብቃሉ። ከዘር ከሆነ ቀይ እናት ቀይ ልጅ ትወልዳለች ማለት አይቻልም።

ለሚተክሉት

ዘር የሚያገኝ ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ለብ ባለ ውኃ ቢያንስ አንድ ቀን ይዘፈዘፋል፤ ውኃው ይቀያየራል። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት፣ እርጥብ ሆኖ ግን ውኃ በማያቁር አፈር ውስጥ ይቀመጣል። አንዱ በሳምንታት ሲወጣ ሌላው ወራት ይቆያል። ያረጀ ዘር ከሆነ ምንም ላይወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ሲገዙ ትኩስነቱን መጠየቅ ነው።

ከወጣ በኋላ ጣጣ የለውም። ፀሐይ ይወዳል፣ ብስባሽና ፍግ የበዛበት ጥልቅ አፈር ይወዳል፣ በሙቀቱ ወራት ውኃ አይጠግብም። ማሰሮ ውስጥ ከቀረ ግን ባለበት ይቆማል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ግን ከለንደኑ የተለየ ችግር አለባችሁ፤ እንሰት የደጋ ልጅ ነውና የቀትሩ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ቅጠሉን ያነዱታል። ከሰዓት ጥላ የሚያገኝበት ቦታ ይሻለዋል።

ብርድ አገር ላሉት ወሳኙ ክረምት ነው። ገዳዩ ብርዱ ብቻ አይደለም። ቅጠሎቹ መሀል የተጠራቀመ ውኃ ነው፤ በቀዝቃዛ ጊዜ እምብርቱን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ውርጭ ሳይመጣ ተክሉ ይነቀላል። ከመሀሉ ለጋ ቅጠል በቀር ሌላው ይቆረጣል። አፈሩ ይራገፍና ተክሉ ውኃው እንዲወጣለት ለጥቂት ቀን ተገልብጦ ይቀመጣል። ከዚያ በደረቅ አፈር ውስጥ፣ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ በሆነ ጋራዥ ወይም ምድር ቤት ይከርማል። ውኃ የሚሰጡት ብዙዎች ናቸው፤ አለመስጠት ይሻላል። በጸደይ ሲሞቅ ከመሀሉ አዲስ ቅጠል ይወጣል።

አበባ የሚጠብቅ ካለ ይተወው። ለማበብ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ካበበ ደግሞ ሞቱ ነው። ይህን ተክል የምንይዘው ለቅጠሉ ነው።

ቅጠል ካልን፣ ደፎ ዳቦ ለመድፋት ከእስያ ሱቅ የበረደ የሙዝ ቅጠል የሚገዙ እናቶች ጓሯቸው ያለው ማውሬሊ የኮባ ወንድም መሆኑን ሲሰሙ ዐይናቸው ይበራል። ይቻላል፤ ግን አንድ ነገር ይታሰብ። ከመደብር የመጣ ተክል ለጌጥ እንጂ ለምግብ ታስቦ አልተዘጋጀም። ቅጠሉ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ የተባይ መድኃኒት ሊኖርበት ይችላል። ከተተከለ በኋላ ባወጣቸው ቅጠሎች መጠቀም፣ የመጀመሪያውንም ዓመት ማሳለፍ ጥሩ ነው።

ተክል ከአገር ወደ አገር በሻንጣ መያዝ ግን አይታሰብ። የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ በሳይንስ መጀመሪያ የተገለጸው በ1968 ኢትዮጵያ ውስጥ እንሰት ላይ ነው፤ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ናቸው ያጠኑት። በኋላ ሙዝም ላይ ተገኘ። በ2001 ኡጋንዳ ታየ፤ ከዚያ በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የሙዝ ማሳዎችን አዳረሰ። የሚተላለፈው በታመመ ችግኝ፣ ባልጸዳ ቢላዋና በነፍሳትም ነው። ቤት ውስጥም ቢሆን አንዱን ተክል ቆርጦ ቢላውን ሳያጸዱ ወደ ሌላው መሄድ መጥፎ ልማድ ነው።

የእንሰት ማንነት ጉዳይ የቅርብ ምዕራፍም ከጓሮ ተክል የወጣ ነው። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ኢትዮጵያዊ የሚደገፍበት የእንሰት ጂኖም (ሙሉ የዘረመል መረጃው) የመጀመሪያ ንባብ በ2014 በእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲወጣ፣ የተነበበው ተክል እዚያው እንግሊዝ ከችግኝ ነጋዴ የተገኘ ነበር። እንዲህ ያለ ተክል የዝርያ ስም ይኖረዋል እንጂ የየትኛው ቀዬ፣ የየትኛው ገበሬ እንሰት እንደሆነ የሚነግር የለውም። ኢትዮጵያ ውስጥ ገበሬው ለያይቶ በየስማቸው የሚተክላቸውን ጨምሮ የ17 ናሙናዎች የዘረመል መረጃ የታተመው በ2018 ነው።